ጎሃን ስወጣ ልቤ ይዘላል፤ የከፍታ በሽታ ይዞኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጃናሞራ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት እያስጎበኘሁ ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ልጆቼን ለማስተማር ብዬ ቤተሰቤን ይዤ ጎንደር ገባሁ። አሁን ወደ ተራራው የምወጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር እስከ ጎሃ ኮረብታ እንሮጣለን። ከአራት ወር ወዲህ ዳገቱ ላይ ልቤ ይዘላል፤ አንዳንዴም ቀጥ ያለ ይመስለኛል። ስማርት ሰዓቴ 171 ይልና ወዲያው 88 ይላል። አንድ ቀን ዓይኔ ጨልሞብኝ ድንጋይ ደግፌ ቆምሁ። ክሊኒክ ሄጄ ደም ስመረመር ሄሞግሎቢንህ 18.6 ነው፣ ደምህ ወፍሯል፣ ሥር የሰደደ የከፍታ በሽታ ነው ተባልሁ። ዋግምት ይሻልሃል ያለኝ ሰው አለ። መተማ ሰሊጥ የሚያርሰው ወንድሜ ደግሞ እኔ ጋ ውረድ ይለኛል። በቀን ስድስት ሰባት ሲጋራ አጨሳለሁ። ባለቤቴ ታንኮራፋለህ ትላለች። ልጅ ሆኜ መገጣጠሚያዬን እያፈራረቀ ያሳብጠኝ ነበር፤ በኋላ ተወኝ። ሩጫውን ልተው? ደሙን ላስወጣ? ወይስ ልውረድ? ለጥቅምት የያዝሁት ቡድንም አለ።»

ምላሽ፦ ሩጫውን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ዋግምት አያስደርጉ። መተማም አይውረዱ። ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ ነው አስቀድሜ የተናገርሁት፤ ሌላው ቢረሳ እነዚህ ሦስቱ አይረሱ።

የሚያሳስበኝ ሰዓትዎ ላይ ያዩት 171 አይደለም። ድንጋይ ደግፈው የቆሙበት ቀን ነው። ልብ እየዘለለ፣ ዳገት መሃል፣ ዓይን ጨለመ ማለት አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ደም አጥሮት ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ሰው ረጅም ሰዓት ቆሞ ሲያስቀድስ ወይም ደም ሲያይ ራሱን ቢስት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በሩጫ መሃል ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ከልብ እንደመጣ አድርገን ነው የምንይዘው።

አሁን ወደ በሽታው ስም ልምጣ። እኛ አካባቢ «የከፍታ በሽታ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ፣ አንድ ሌሊት ደባርቅ አድሮ፣ ሳንቃበርን አልፎ ሽቅብ ሲል ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በሰዓታት ወይም በቀናት የሚመጣ ነው። በበቅሎ ቁልቁል ሲያወርዱት ይለቀዋል። ሁለተኛው ሥር የሰደደው ነው። ይሄ የሚይዘው እንግዳውን ሳይሆን ባላገሩን ነው። ከፍታ ላይ ለዓመታት የኖረ፣ ብዙ ጊዜም እዚያው የተወለደ ሰው ላይ ቀስ እያለ ይመጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 የፔሩ ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ ስለገለጸው የሞንጌ በሽታ ተብሎም ይጠራል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን ያጥረዋል። ኩላሊት ይህን ሲያይ መቅኔ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ ያዛል። መጠኑን ጠብቆ ሲሆን ይጠቅማል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ትእዛዙ ማቆሚያ ያጣል። ደሙ ይወፍራል፣ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፣ ራስ ያማል፣ ጆሮ ይጮሃል፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ልብ ይመታል። ባለሙያዎች የተስማሙበት መስፈርት አለ። ሰውየው ከ2,500 ሜትር በላይ ነዋሪ መሆን አለበት። ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ በዴሲሊትር ደም ለወንድ 21 ግራም፣ ለሴት 19 ግራም ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ደምን የሚያወፍር ሌላ በሽታ እንደሌለ መታየት አለበት። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።

የእርስዎን ታሪክ ከዚህ ጋር ሳስተያየው አልገጥም አለኝ። 18.6 ከ21 በታች ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ከመስፈርቱ ታች ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜው አይገጥምም። አንድ ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን አካባቢ ነው። ተራራ ላይ የወፈረ ደም ሰውየው ወርዶ ጥቂት ወራት ሲቆይ ይቀጥናል። እርስዎ ከወረዱ ዓመት አልፎዎታል። ሕመሙ ደግሞ የጀመረዎት ከወረዱ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ተራራ ላይ እያሉ ያልነበረ፣ ከተራራ ወርደው ከርመው የመጣ ነገር በተራራ አይመካኝም።

ሌላም አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 የታተመ አንድ ጥናት እዚያው ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ነበር። እነዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ቁጥር ብዙም አይርቁም። የአንዲስ ሰዎች ግን በተቀራራቢ ከፍታ ደማቸው ከዚህ በግልጽ ይወፍራል። የእኛ ደገኛ በሺህ ዓመታት ኑሮ ከአየሩ ጋር በሌላ መንገድ ተስማምቷል። ለዚህ ነው የሞንጌ በሽታ በሰሜን ደጋ ሰው ላይ ብርቅ የሆነው። ስለዚህ 18.6 ለፔሩ ማዕድን ሠራተኛ ላያስገርም ይችላል። ጎንደር ለሚኖር የጃናሞራ ሰው ግን «ከፍታው ነው» ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል።

እንዲህ ስል ሥር የሰደደ የከፍታ በሽታ ከልብ ምት ጋር አይነካካም ማለቴ አይደለም። በደንብ ይነካካል። የራስዎ ሕመም ከዚያ በምን እንደሚለይ እንዲታይዎት አሠራሩን ላስረዳ።

የልብ ምት የሚነሳው ከቀኝ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ካለች ትንሽ ቦታ ነው። ለዚህች ቦታ ሁለት ነርቮች ይደርሷታል። አንዱ እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ፣ ሌላው እንደ ፍሬን ናቸው። መሮጥ ስንጀምር መጀመሪያ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ከዚያ ነዳጁ ይረገጣል። ምቱ ሳይንገጫገጭ ከፍ ይላል። ስንቆም ደግሞ ነዳጁ ይለቀቅና ፍሬኑ ይመለሳል። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ብቻ ምቱ ከ12 በላይ መውረድ አለበት። ከፍታ ላይ ደግሞ ይህ ሥርዓት ትንሽ ይቀየራል። ለአንድ ዓይነት ዳገት ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ምት የሚያደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ጣራው ግን ዝቅ ይላል። ሰው ከፍታ ላይ ሲከርም ፍሬኑ ይጠነክራል፣ ልብም ለአድሬናሊን የሚሰጠው መልስ ይቀንሳል። «ተራራ ላይ ልቤ እንደ ድሮው 180 አልገባ አለኝ» የሚል ጤነኛ ሯጭ ቢመጣ አያሳስበኝም።

የሞንጌ በሽታ ያለበት ሰው ሲሮጥ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኦክስጅን ሲያጥር የሳንባ ደም ሥሮች ይጠብባሉ። የሳንባ ውስጥ የደም ግፊት ይጨምራል። ጤነኛ ሰው ቀለል ባለ እንቅስቃሴ ይህ ግፊት ብዙ አይነሳበትም። የእነዚህ ሰዎች ግን በትንሽ እንቅስቃሴ እንኳ ሽቅብ ይላል። አስቡት፤ የልብ ቀኝ ክፍል የወፈረ ደም በጠበበ ቱቦ እየገፋ ነው። ጡንቻው ይወፍራል፣ በላዩ ያለው ክፍል ይለጠጣል። ምት የሚያስተላልፉት ሴሎች በተለጠጠ ግድግዳ ላይ በራሳቸው ጊዜ ብልጭ ይላሉ። ትርፍ ምት ይወለዳል። ሲብስ የላይኛው ክፍል መምታቱን ትቶ መርገብገብ ይጀምራል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የምንለው ይህ ነው። በዚያ ላይ የኦክስጅን እጥረት ነዳጁንም ፍሬኑንም ባንድ ጊዜ ያስረግጣል። በተለይ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ፍሬኑ ይበረታል። ጭነት ወደ በቅሎ ጀርባ የሚያነሳ ሰው «እህ!» ብሎ ትንፋሹን የሚይዝባትን ቅጽበት ያስቧት። ልብ በሁለት ትእዛዝ መሃል ስትያዝ ምቷ ይወላገዳል።

እርስዎ «ልቤ ቀጥ ይላል» ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ መቆም አይደለም። አንድ ምት ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል። ልብ ገና ስላልሞላ የሚረጨው ደም ትንሽ ነው፤ እጅ ላይ አይደርስም። ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ ይከተላል። ሰው የሚደነግጠው በዚያ ዝምታ ነው። በዝምታው ጊዜ ልብ ከወትሮው በላይ ስለሚሞላ ቀጣዩ ምት ደረትን እንደ ቡጢ ይመታል። እንዲህ ያለው ነገር ቁጭ ሲሉ መጥቶ ሲንቀሳቀሱ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ አያሰጋም። ሲንቀሳቀሱ የሚብሰው ነው መመርመር ያለበት። የእርስዎ የሚብሰው ሲንቀሳቀሱ ነው።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ሰዓቶች በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም በብርሃን ነው የሚያነቡት። እጅ ሲወዛወዝ ይሳሳታሉ። የእግር እርምጃን እንደ ልብ ምት የሚቆጥሩበትም ጊዜ አለ፤ የሯጭ እርምጃ በደቂቃ 160 እና 170 ስለሚደርስ 171 የልብዎ ሳይሆን የእግርዎ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ምት ሲዛባም ሰዓቱ ደካሞቹን ምቶች ይዘልላቸዋል፤ 88ቱ የዚያ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን አይጣሉት፤ ፍርድ ግን አይስጡት። ይልቅ በጣትዎ ይቁጠሩ። ከአውራ ጣትዎ ሥር፣ አንጓዎ ላይ፣ ጠቋሚና መሃል ጣትዎን አሳርፉ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከቁጥሩ ይልቅ አረማመዱን ያዳምጡ። እኩል እየረገጠ መሃል ላይ አንድ ብቻ የሚስት ከሆነ ትርፍ ምት ይሆናል። ጭራሽ ቅጥ ከሌለው፣ አንዱ ፈጥኖ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ልል ከሆነ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን እጠረጥራለሁ። እኩል ሆኖ በጣም ከፈጠነና እንደ መብራት ማብሪያ ጠቅ ብሎ ጀምሮ ጠቅ ብሎ ከቆመ ደግሞ ሌላ ዓይነት የምት መዛባት ነው። የጤነኛ ሰው የሩጫ ምት ጠቅ ብሎ አይቆምም፤ እየበረደ ነው የሚወርደው።

አሁን ደብዳቤዎ ውስጥ እግረ መንገድዎን ጣል አድርገዋቸው ወዳለፉት ነገሮች ልመለስ። ለእኔ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው የልጅነት መገጣጠሚያዎ ነው። ጉልበት አብጦ ሲተው ቁርጭምጭሚት፣ ቁርጭምጭሚት ሲተው ክርን። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት መልክ ነው። ልጁ ጉሮሮውን በባክቴሪያ ይታመማል፤ ሳምንታት ቆይቶ ሰውነቱ ያንን ባክቴሪያ ለመዋጋት ያሰለፈው ኃይል ወደ ራሱ መገጣጠሚያና ወደ ልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደሚያሳልፈው የልብ በር፣ ይዞራል። መገጣጠሚያው ይድናል። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ጠባሳው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ቫልቩን ያጠብበዋል። ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ላያውቀው ይችላል። ሩጫ ግን ያጋልጠዋል። ልብ የምትሞላው በሁለት ምት መሃል ነው። ምቱ ሲፈጥን የመሙያው ጊዜ ያጥራል። በጠበበ ቫልቭ፣ በአጭር ጊዜ፣ ደሙ ማለፍ አይችልም። ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ከቫልቩ በላይ ያለው ክፍልም ይለጠጣል፤ ከዚያ የምት መዛባቱ ይከተላል።

አንዲት የወገራ እናት ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። «ደጋው ነው የሚያፍነኝ» አሉኝ፤ ለዓመታት ሲባሉ የኖሩት እንደዚያ ነው። ነጠላቸውን ሰብስበው ከደረጃው አጠገብ ቆሙ። አምስት ደረጃ ወጥተው ስድስተኛው ላይ ግድግዳ ያዙ። አንጓቸውን ስይዝ ሁለት ተከታታይ ምት እኩል ሆኖ አላገኘሁም። የልብ ምትን የሚሥለው የኢሲጂ መሣሪያ ወረቀት ላይ ጫፎቹ ልክ እንደ ተዘበራረቀ አጥር ናቸው፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፣ መሃላቸው ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን መስመር። የልብ አልትራሳውንዱ የጠበበ ቫልቭ አሳየ። ደጋው ምንም አላደረጋቸውም ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ሳይታከሙ በማለፉ ዛሬም ያንገበግበኛል። ለእርስዎም እንዲህ የምቸኩለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲጋራውና ማንኮራፋቱ ናቸው። እነዚህ የወፈረውን ደም ያስረዱልኛል። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውነት አጥሮኛል ብሎ ተጨማሪ ደም ይሠራል። ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ አይደለም። ባለቤትዎን ግን አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ እያንኮራፋሁ ድንገት ጸጥ ብዬ፣ ቆይቼ እንደ መስጠም ብዬ እተነፍሳለሁ ወይ? አዎ ካሉ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ጸጥታ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብ ይዘገያል፤ ትንፋሹ ሲመለስ ደግሞ ይጋልባል። ሌሊቱን እንዲህ ያደረ ልብ ጠዋት ጎሃ ላይ ቢያጉረመርም አይገርምም። ሌላም መታየት ያለበት አለ። የሳንባ በሽታ፣ ከልደት ጀምሮ የነበረ የልብ ክፍተት፣ የመቅኔ በሽታ፣ አለዚያም ቀላሉ፣ ደሙ የተወሰደው ከሩጫ በኋላ ውሃ ሳይጠጡ መሆኑ። ውሃ ያጣ ሰው ደም ወፍሮ ይታያል።

እንቅርት ካለዎት ወይም እጅዎ የሚንቀጠቀጥ፣ ሳይሞቅዎ የሚያልብዎ፣ እየበሉ የሚከሱ ከሆነ ታይሮይድዎም ይታይ። ስለ ጫት አልጻፉልኝም። የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ጫት ልብን ያስጋልባል።

ወደ ጠየቁኝ መፍትሔዎች ልሂድ። ዋግምቱ ለምን አይሆንም? በዋግምት የሚወጣው ደም የሄሞግሎቢንን ቁጥር አይቀይርም። ንጽሕናው ያልተጠበቀ ምላጭ ግን ሄፓታይተስና ኤችአይቪ ሊያመጣ ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በመርፌ ደም ማስወጣትም ቢሆን ለትክክለኛው የሞንጌ በሽተኛ እንኳ ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው። ከደሙ ጋር ብረት ማዕድኑ ይወጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 የታተመ የፔሩ ጥናት ላይ ከሕመምተኞች ደም ተወስዶ ብረታቸው ሲያልቅ የሳንባቸው የደም ግፊት በሩብ ያህል ጨምሯል። ቁጥሩ አማረ፣ ልቡ ግን ተጨነቀ ማለት ነው። ደም ልለግስበት ብለውም አያስቡ። ልገሳ ጤነኛ ሰው የሚሰጠው ነው፤ ልቡ የተዛባ ሰው አልጋ ላይ ቢስት ለሁሉም ጣጣ ነው።

መተማስ? እውነት ነው፣ ለሞንጌ በሽታ ፍቱኑ መድኃኒት መውረድ ነው። እርስዎ ግን ወርደዋል፤ አልተሻለዎትም። መልሱን ሰውነትዎ ሰጥቶዎታል። ቆላው ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። ወባውን የማያውቅ ደገኛ ሲወርድ ይከፋበታል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ወደ መተማና ወደ ሁመራ እርሻ ለሥራ በወረዱ ደገኞች ላይ ስንት ጉዳት እንዳደረሰ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ሙቀቱም ያልባል፤ ላብ ደሙን ይብስ ያወፍረዋል። ወንድምዎን ለመጠየቅ ይሂዱ፤ ለሕክምና ብለው ግን አይሂዱ።

ስለ ክኒኖችም ጥቂት። አሴታዞላሚድ የሚባለውን ቱሪስቶች ይዘውት ሲመጡ አይተውት ይሆናል። ትንፋሽን ስለሚያነሳሳ ለሞንጌ በሽታም በጥናት ተሞክሮ ረድቷል። ነገር ግን ፖታሲየም ከሰውነት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ይብስ ይዛባል። ምትዎ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከእንግዳ ሻንጣ የተረፈ ክኒን እንዳይውጡ። ጎረቤት የሰጠዎትን የልብ ማረጋጊያም እንደዚሁ። ለአንዱ የምት መዛባት የሚረዳ መድኃኒት ሌላውን ልብ ሊያቆም ይችላል።

ምርመራውን በዚህ ቅደም ተከተል ያድርጉ ነው የምለው። በዚህ ሳምንት ኢሲጂ ይነሱ፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ቀጥሎ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ። ይህን አይዝለሉት። ቫልቩን፣ የጡንቻውን ውፍረትና የሳንባውን ግፊት ባንድ ጊዜ የሚያሳየው እሱ ነው። የደም ቆጠራው ጠዋት፣ ሳይሮጡ፣ ውሃ ጠጥተው ይደገም። ፖታሲየምና ታይሮይድም አብረው ይታዩ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ቁጭ ብለው ብቻ ሳይሆን ለስድስት ደቂቃ ሜዳ ላይ እየተራመዱ ይለካ፤ ጣትዎ ቀዝቃዛ እንዳይሆን መጀመሪያ ያሹት። በእርምጃ ከ4 ነጥብ በላይ ከወረደ ሳንባውና የሳንባ ደም ሥሩ ይመረመራሉ። ኢሲጂው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ «ምንም የለብህም» ተብለው እንዳይመለሱ። በዚያች ቅጽበት አልተዛባም ማለት ብቻ ነው። 24 ሰዓት ደረት ላይ የሚታሰረውን መቅጃ ይጠይቁ። የሩጫ ፈተናው በመሣሪያ ላይ የሚደረገው ኢኮው ከታየ በኋላ፣ ሐኪም አጠገብ እያለ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከሆነ ዋናው ጉዳይ የምቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በሚርገበገበው ክፍል ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ተነስቶ አንጎል ከሄደ ሰውየው በአንድ ጎኑ ሽባ ይሆናል። የወፈረ ደም ላይ ይህ ሲታከል ያስፈራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስፈልግዎ ይሆናል፤ ቫልቩ ጠብቦ ከተገኘ ደግሞ የመድኃኒቱ ምርጫም ይለያል። ያንን ሐኪምዎ ይወስናል።

እስከዚያው ድረስ እቤት አይተኙ፤ ይራመዱ። ሜዳ ሜዳውን፣ ከሰው ጋር፣ እያወሩ መሄድ በሚችሉበት ፍጥነት። ወሬው ከተቆራረጠብዎ ፍጥነት ይቀንሱ። ሲጨርሱ ድንገት አይቁሙ፤ አምስት ደቂቃ ቀስ ብለው ይንሸራሸሩ። ከባድ ነገር ሲያነሱ ትንፋሽዎን አይያዙ። ጾም ላይ ከሆኑ ውሃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳገት አይውጡ፤ ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ቢነግሯቸው መፍትሔ አያጡም። በዓል ላይ ጠላውም አረቄውም ይቅር፤ መጠጥ ከበዛ በኋላ ምቱ ተዛብቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ሲጋራውን ዛሬ ይተውት። ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን ከጫነዎት፣ ምቱ አርፈውም 20 ደቂቃ ድረስ ካልበረደ፣ ወይም አፍዎ ከተጣመመ፣ ክንድዎ ከዛለ፣ ወይም አንደበትዎ ከተያዘ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የጥቅምቱን ቡድን ለባልደረባዎ ይስጡ። ገቢው እንደሚጎዳዎት አውቃለሁ፤ ልጆች እያስተማሩ ነው። ግን ቧሂት ተራራ ላይ፣ 4,400 ሜትር ካለፉ በኋላ፣ ዓይንዎ ቢጨልም የሚደግፉት ድንጋይ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ነው፤ ኋላዎም እርስዎን አምነው የሚከተሉ ሰዎች አሉ። ቫልቭዎ ደህና ከሆነ፣ የ24 ሰዓቱ ቅጂ ንጹሕ ከሆነና ደሙ ሲጋራውን ትተው ከቀነሰ፣ የኅዳሩን ጉዞ የሚከለክልዎ አይኖርም። ለሐኪሙ ሲቀርቡ የድሮውን የደም ውጤት ወረቀት፣ የሚወስዱትን ሁሉ፣ እንዲሁም አንጓዎ ላይ የቆጠሩትን በቀንና በሰዓት ጽፈው ይያዙ። የመገጣጠሚያውን ነገር ሳይጠይቁዎት በፊት እርስዎ ይንገሯቸው።